በግራ በኩል ያጠሩ አሥራ ስድስት ጉርዶች

ስፌት ቤቱ መሀል ላይ አንድ ዝቅ ያለ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ጨርቅ አይቆረጥበትም፣ ሻይ አይቀመጥበትም። ሰው ነው የሚቆምበት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቆመችበት ደግሞ አንዲት ሴት ናት፤ ሠራተኞቹ «ምሰሶ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ካውያ የሚተኩሰው ሰውዬ ነው። «ይሄ ጣራ እስካሁን ያልወረደብን በሷ ነው» እያለ ይቀልዳል። እሷም ትስቃለች፤ ግን በፊቷ ብቻ። ሆዷ ከሳቀ የለበሰችው ጉርድ ይነቃነቃል፣ ጉርዱ ከተነቃነቀ ደግሞ የሰዓት ሥራ ገደል ይገባል።

ለጭፈራ የሚሰፋ ጉርድ እንደ ሌላው ጉርድ አይደለም። ስምንት ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ እያንዳንዱ ከወገብ በኩል ጠባብ፣ ከታች ሰፊ። ተጋጥመው ሲሰፉ ጨፋሪዋ በዞረች ቁጥር ጉርዱ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል። ጣጣው በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ የማይታመን መሆኑ ነው። ሲሰቀል ይለጠጣል፤ አንዱ ቁራጭ አንድ ጣት ይወርዳል፣ ጎረቤቱ ሁለት ጣት። ስለዚህ ጉርዱ ሁለት ቀን ተሰቅሎ ይቆያል። የሚወርደው ከወረደ በኋላ ሰው ይለብሰውና ጠረጴዛው ላይ ይቆማል። ሰፊዋ ጠረጴዛውን በጉልበቷ እየዞረች፣ የእንጨት ማስመሪያዋን ቀጥ አድርጋ አቁማ፣ ዙሪያውን በሙሉ እኩል ከፍታ ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ከምልክቱ በታች ያለው ይቆረጣል፣ ይቀመቀማል፣ አለቀ። አንዴ ከተቆረጠ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ የቆመው ሰው መቆም መቻል አለበት።

መቆም ደግሞ ሥራ ነው ወይ የሚል አይጠፋም። ሥራ ነው። ያልመሰለው እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ክብደቱን በሁለት እግሩ እኩል ከፍሎ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ይቁምና ከዚያ እናወራለን።

የምሰሶ ታላቅ እህት ጠረጴዛውን በጉልበቷ የምትዞረው ሰፊዋ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ታናሿን ያሳደገቻት እሷ ነች። ወደ ስፌት ቤቱ ያመጣቻትም፣ ጠረጴዛው ላይ ያወጣቻትም እሷው ነች። መጀመሪያ መኪና ላይ አስቀምጣት ነበር፤ ልጅቱ ግን ስፌት አልሆነላትም። ቀጥ ያለ መስመር ሰጥተዋት የእባብ መንገድ አድርጋ ትመልሳለች። አንድ ቀን ለሙከራ ጉርድ ሲያለብሷት ሁለት ትከሻዋ እኩል፣ ሁለት ዳሌዋ እኩል፣ ትንፋሿ እንኳ የማይታይ ሆና ተገኘች። «እህቴ፣ እንጀራሽ ተገኘ» አለቻት ታላቋ። ያን ቀን ሁለቱም ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ገቡ። የሚለካ ጉርድ ከሌለ ምሰሶ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍና መንጠቆ ትተክላለች። ያለ ከሆነ ግን ትቆማለች።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ስም አለው፤ ሠራተኞቹ ግን በሌለበት «ቶሎ» ይሉታል። ከአፉ የሚወጣው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። ጠዋት ሲገባ «ቶሎ»፣ ሲወጣ «ቶሎ»፣ አንዷ ሠራተኛ ልትወልድ ፈቃድ ስትጠይቀው እንኳ «በይ ቶሎ» ብሏታል። እሱ ክፉ ሰው ነኝ ብሎ አያምንም። ክፉ ሰው ነኝ ብሎ የሚያምን መቼ ታይቶ ያውቃል?

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የጭፈራ ቡድኑ አሰልጣኝ በሩን በርግዳ ገባች። በእጇ ትልቅ ማዳበሪያ ይዛለች። ቶሎ የእንኳን ደህና መጣሽ ፈገግታውን ሳይጨርስ ማዳበሪያውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። አሥራ ስድስት ቀይ ጉርዶች ተዘረገፉ፤ ባለፈው ሳምንት ተቀምቅመው የሄዱት ናቸው።

«እስቲ ይሄን አስረዱኝ» አለች። አንዱን አንስታ ሱሪዋ ላይ ደርባ ለበሰችና መንጠቆውን ቆለፈች። ቀጥ ብላ ቆመች። በቀኝ በኩል ጉርዱ ባቷ ላይ ነው፤ በግራ በኩል ግን ወደ ጉልበቷ ሸሽቷል። ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። «ትናንት በልምምድ ላይ አለበስኳቸው። ሁሉም! ሁሉም በግራ! ሲዞሩማ ጉድ ነው፤ አሥራ ስድስቱም ያነክሳሉ። ቅዳሜ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አሥራ ስድስት አንካሳ ይዤ ልወጣ ነው?»

መኪኖቹ ቆሙ። ካውያ ተኳሹ ብቻ ነው ሳል የመሰለ ነገር ያሰማው። ምሰሶ ጥግ ላይ ተቀምጣ መንጠቆ ትተክል ነበር፤ መንጠቆው ከእጇ ወደቀ፣ አላነሳችውም። ታላቋ ይህን ያየችው እንደ ቀልድ ነው። ትርጉሙ የገባት በኋላ ነው።

ቶሎ ጉርዶቹን አገላበጠ፣ አገላበጠና ወደ ሰፊዋ ዞረ። «ዓይንሽ ነው።»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ሃያ ዓመት መርፌ ቀዳዳ ስታዪ ኖረሽ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ወይ ዓይንሽ ነው ወይ እጅሽ ነው። ወይስ ካውያው ጎትቶት ነው?»

«እኔን ተወኝ ጌታዬ» አለ ተኳሹ። «ካውያ ቢጎትት አንዱን ይጎትታል፤ አሥራ ስድስቱን በአንድ ጎን የሚጎትት ካውያ ካለ ለኔም አንድ ግዙልኝ።»

ማንም አልሳቀለትም።

«እስከ ምሳ» አለ ቶሎ። «ከምሳ በኋላ ማን እንዳበላሸው ይነገረኛል። ያበላሸው ሰው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ቶሎ።»

ምሳ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደ ግቢው ወጣ። ሰፊዋ ብቻ ቀረች። በመጀመሪያ የእንጨት ማስመሪያዋን መረመረች፤ አልተሰበረም፣ አልተላጠም። ቀጥላ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰሃን ውሃ አስቀምጣ አጎንብሳ አየች፤ ውሃው ወደ የትም አላዘነበለም። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣላት። እያንዳንዱ ጉርድ የወገቡ መቀነቻ ውስጥ በነጭ ክር ቁጥር ተሰፍቶበታል፤ አንድ ብሎ የሚጀምረው በመጀመሪያ የተለካው ነው። በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በረጅሙ ዘንግ ላይ ሰቀለቻቸውና በጣቷ መለካት ጀመረች።

አንደኛው ላይ ግራው ከቀኙ ያጠረው በግማሽ ጣት ነው። አራተኛው ላይ አንድ ጣት ሙሉ። ስምንተኛው ላይ እንደገና ወደ ግማሽ ተመልሷል፤ ስምንተኛው ከምሳ እረፍት በኋላ የተለካው ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሁለት ጣት። አሥራ ስድስተኛው ላይ፣ ቀኑ ሊያልቅ ሲል የተለካው፣ ሦስት ጣት።

የጨርቅ ጥቅልል ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አይደለም። የደከመ ዓይን አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ይስታል እንጂ ሁልጊዜ አንዱን ጎን አይስትም። በአንድ ጎን የሚደክመው የቆመ ሰው ነው። ግራ እግሩ ላይ መቆም ያቃተው፣ ክብደቱን ወደ ቀኝ ያሸሸ፣ ግራ ዳሌው በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እየወረደ የሄደ ሰው። ዳሌው ሲወርድ ጉርዱም በዚያ ጎን ይወርዳል፤ እሷ ከጠረጴዛው ለክታ «ተርፏል» ብላ ትቆርጠዋለች። አሥራ ስድስት ጊዜ ቆረጠችው። አፍንጫዋ ከእህቷ ዳሌ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ቀኑን ሙሉ ጨርቁን ስታይ ዋለች እንጂ የለበሰችውን አላየቻትም።

ዓምና ተሰፍቶ ማንም ያልወሰደው አንድ ጉርድ መደርደሪያ ላይ ነበር። አወረደችው፣ ለካችው። እሱም በግራ በኩል አጥሯል፤ የጠመኔ ምልክት ውፍረት ያህል ብቻ።

ግቢው ውስጥ ምሰሶ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች። ግራ እግሯን ዘርግታዋለች። ሌሎቹ ወደ ጥላው ሄደው ያወራሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ታላቋ።

«ምኑ?»

«አታሹፊብኝ። ዳሌሽ።»

«ምነው፣ ወፈረ?»

«ደርድሬ አየኋቸው። በየሰዓቱ ምን ያህል እንዳመመሽ ጨርቁ ላይ ተጽፏል። ጸሐፊዋ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ምሰሶ ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ወዲያ ወዲህ ካየች በኋላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር እኮ።»

«መቼ?»

«ስምንት ወር ይሆነዋል። አንቺ የጥልፍ ክር ልትገዢ የሄድሽ ቀን። ነርሷ ራጅ የምነሳበት ወረቀት ጻፈችልኝ፤ እስከዚያ አትቁሚ አለችኝ። ሥራሽ ምንድን ነው አለችኝ፤ መቆም ነው አልኳት። የቀለድኩባት መስሏት ተቆጣችኝ።»

«ወረቀቱስ?»

«የቁልፉ ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ከታች።»

«አንቺ ልጅ! ለኔ አትነግሪኝም?»

«ብነግርሽ ታወርጂኛለሽ።» አሁን ድምጿ ተቆጣ። «ከወረድኩ ምን ነኝ? ስፌት አልችል። አሥራ አንድ ዓመት የተማርኩት አለመንቀሳቀስ ነው። እቴቴ፣ እስቲ ልጠይቅሽ፤ የተቀመጠ ምሰሶ ማን ይፈልጋል?»

ምሰሶ እጇን ያዘቻት። «ስሚኝ። ዓይኔ ነው በዪው። እሱ ራሱ ብሎታል፤ ደስ ይለዋል ልክ ነህ ስትዪው። ለዓይን መነጽር ይገዛለታል። አንቺን አያባርርሽም፤ ያለ አንቺ እጅ አንድ ጉርድ እንደማይወጣ ያውቃል። ለዳሌ ግን መነጽር የለውም።»

እዚህ ላይ ነበር እምቢ ማለት። እዚያው ደረጃው ላይ፣ ዳቦው ሳያልቅ። ግን እንደዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ስፌት አይደለም፤ ሥቃይን አጣጥፎ ኪስ ውስጥ መክተት ነው። ታላቋም ተምራዋለች። «እሺ» አለች።

ከምሳ በኋላ ቶሎ ፊት ቀርባ «ዓይኔ ነው» አለች። ምሰሶ እንዳለችውም ቶሎ ደስ አለው። «አላልኩም?» ብሎ ወደ አሰልጣኟ ዞረ። «አየሽ፣ እኔ ሰው አውቃለሁ።» ማባረሩንም ረሳው። «በቃ፣ መነጽር ታደርጋለች። ጉርዶቹ ሁሉም በአጭሩ ልክ ይስተካከላሉ። ትንሽ ያጥራሉ እንጂ እኩል ይሆናሉ። ዛሬና ነገ ያልቃሉ። ምሰሶ! ጠረጴዛው ላይ ውጪ! ቶሎ!»

ውሸቱ እዚህ እንደሚያደርሳቸው ሁለቱም አላሰቡም። ዓይኑ ከሆነ ጥፋቱ፣ ዳሌው ደህና ነዋ። ዳሌው ደህና ከሆነ ደግሞ ይቁም፤ እንደገና፣ አሥራ ስድስት ጊዜ።

ምሰሶ ወጣች። ቀኝ እግሯን አስቀደመች፣ ግራውን በእጇ ሱሪዋን ይዛ አስከተለችው። አንደኛው ጉርድ ተለካ። ታላቋ አሁን ብልሃት አድርጋለች፤ ከጨርቁ በፊት ዳሌውን ታያለች፣ የወረደውን ያህል በዓይኗ ትጨምራለች። ሁለተኛው ተለካ። ሦስተኛው ላይ ጠመኔውን ስታሳርፍ የእህቷ ጭን ከጨርቁ ስር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ ልክ መኪና ሲሠራ ጠረጴዛው እንደሚንቀጠቀጠው። ቀና ብላ አየች። ምሰሶ ግድግዳውን እያየች ነው። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እንባ የለም፣ ምሬት የለም። ላቧ ብቻ ከጆሮዋ ስር ወደ አንገቷ ይወርዳል፤ ልትጠርገው እጇን አታነሳም፣ ምክንያቱም ከተነሳ ጠርዙ ይንቀሳቀሳል።

ታላቋ ማስመሪያውን አስቀመጠች። «ውረጂ።»

«እቴቴ፣ ዝም በዪ» አለች ምሰሶ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ውረጂ አልኩሽ!»

መኪኖቹ እንደገና ቆሙ። ሰፊዋ ከጉልበቷ ተነስታ ወደ ቶሎ ዞረች። «ዋሽቻለሁ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ከዚህ ሆኜ ያ ግድግዳ ላይ ያለችውን ዝንብ እግር እቆጥርልዎታለሁ። እህቴ ታማለች። ግራ ዳሌዋ አይይዛትም። ጉርዶቹ የተጣመሙት እኔ የታመመ ሰው ላይ ስለለካሁ ነው።»

ለቶሎ የመጣለት ጥያቄ ይህ ነው፦ «ታማ ነው እንግዲህ ዕቃዬን ስታበላሽ የከረመችው?»

ልብ በሉ፤ ምኗን ነው ያመማት አላለም።

አሰልጣኟ ጉርዶቹን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሴት አየች፣ ጠዋት ያለችው «አንካሳ» የሚል ቃል ትዝ ያላት ይመስል አንገቷን ደፋች። ግን እሷም የራሷ ጣጣ አላት። «ቅዳሜስ?» አለች።

«ልጆቹን ይላኩልኝ» አለች ሰፊዋ። «እያንዳንዷ የራሷን ጉርድ ለብሳ ትቁም። ሁሉም የየራሱ ዳሌ አለው።»

«ልምምድ ላይ ናቸው።»

«አሥራ ስድስት ሰው እዚህ ሲገባ ሲወጣ? ቤቱ መናኸሪያ ነው?» አለ ቶሎ።

«እንግዲያው እርስዎ ይውጡና ይቁሙ» አለች ሰፊዋ። ካውያ ተኳሹ በዚህ ጊዜ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እሱን ተከትሎ ሌላው። የቶሎ ፊት ጠቆረ። አሰልጣኟ ቀደመችው፦ «ሐሙስ ከሰዓት በፊት እልካቸዋለሁ።»

ቶሎ በሰፊዋ ላይ ማድረግ የቻለው ነገር አልነበረም፤ ጉርዱ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ያደረገው በሌላዋ ላይ ነው። «አንቺ» አላት ምሰሶን፣ ገና ከጠረጴዛው ሳትወርድ። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

እስከ ማግስቱ ጠዋት ምሰሶ ለእህቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ግን፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ መስኮቱን እያየች «ማን ጠየቀሽ?» አለች። «ማን አውርጂኝ አለሽ? አሥራ ስድስቱን እጨርሳቸው ነበር።»

«ትጨርሻቸው ነበር። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሥራ ነበረኝ።»

ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል፤ አግዳሚዎቹ ሞልተዋል። ሁለት ሰዓት ቆመው ጠበቁ። ሲጠሩ የገቡበት ሐኪም ወጣት ነው፣ ደክሞታል፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ» አለ።

ምሰሶ ቆመች። እንዴት ያለ አቋቋም! ሁለት ትከሻ እኩል፣ ሁለት ዳሌ እኩል፣ ትንፋሽ የለ፣ ፊት ላይ ምንም የለ። ሐኪሙ ዞር ብሎ አያት፣ ጀርባዋን ነካ ነካ አደረገ። «ደህና ነሽ እኮ። ድካም ነው። ማስታገሻ እጽፍልሻለሁ።»

ታላቋ በሐኪሙና በእህቷ መካከል ገባች። «ዶክተር፣ ይሄ ሥራዋ ነው! አሥራ አንድ ዓመት ሕመሟን ደብቃ ለመቆም ነው የሠለጠነችው። ቆማ አይዩዋት፤ ስትራመድ ይዩዋት!» ወደ እህቷ ዞረች። «አትቁሚለት። እዚህ ማንም ጉርድ አይለካብሽም። ተዪው።»

ሐኪሙ አሁን ወረቀቱን ትቶ ተነሳ። «እስቲ ወደ በሩ ተራመጂ።»

ሦስት እርምጃ። በአራተኛው ግድግዳውን ያዘች።

«ያምሻል?»

ምሰሶ ወደ እህቷ አየች። «ያመኛል» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት።»

ስምንት ወር ያለችው ለእህቷ ነበር። ለሐኪሙ ሁለት ዓመት ሆነ። ታላቋ የምርመራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ራጁ ከሰዓት በኋላ ወጣ። የግራ ጭን አጥንቷ አናት፣ ዳሌዋ ውስጥ የሚገባው፣ ደም አልደርስ ብሎት ሞቷል፤ ከዚያም በላዩ ተቁሞበት ተጨፍልቋል። ሐኪሙ በእስክሪብቶው ጫፍ እያሳየ ሲያስረዳ «ከስምንት ወር በፊት ራጁን ተነስታ አርፋ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። መተዉ ጥሩ ነው፤ የቀረውን የማያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ቀዶ ጥገናው ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው፣ ወረፋው ረጅም ነው። እስከዚያ በተሰጧት ሁለት ክራንች። ከዚያም በኋላ መቆም፣ እንደ ድሮው መቆም፣ የለም።

«መቀመጥስ?» አለች ምሰሶ።

«መቀመጥ ትችያለሽ።»

«መቀመጥማ ማንም ይችላል» አለች፤ ሳቀችም። ይኼኛው ሳቅ ሆዷን ነቀነቀው፣ ትከሻዋን ነቀነቀው፣ ክራንቾቹን ከእጇ ጣላቸው። ታላቋ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቅቷት አቅፋ ያዘቻት።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ስድስቱ ጨፋሪዎች መጡ። እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ ስፌት ቤቱን ላብና ሽቶ አሸተቱት። ሰፊዋ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አወጣቻቸው። እያንዳንዷ የራሷን ጉርድ ለበሰች። የአንዷ ቀኝ ዳሌ ከፍ ይላል፤ የሌላዋ ወገብ ወደፊት ተጥሏል፤ አንዷ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ እግሯ አጭር መሆኑን እዚያ ነው ያወቀችው። እኩል የሆነ ሰው ከመካከላቸው አንድ እንኳ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እነዚህን ሁሉ ሰዎች በአንዲት ሴት ዳሌ ላይ ሲለኩ ነው የኖሩት፤ ምክንያቱም አሥራ ስድስት ሰው መጥራት ጊዜ ይፈጃል ተብሎ።

ግማሽ ቀን ፈጀ። ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ቶሎ ሰዓቱን አይቶ «ይሄማ ፈጣን ነው እኮ» አለ፣ እንዲያውም ከዚህ በኋላ እንዲህ ቢሆን ይሻላል አለ። ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። አፏ ውስጥ ስፒሎች ነበሩ፤ ባይኖሩ ኖሮ ምን ትለው እንደነበር እሷ ታውቃለች።

አሥራ አራተኛዋ ጨፋሪ ገና ልጅ ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ከቆመች ብዙም አልቆየችም። ክብደቷን ከአንድ እግሯ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ጠርዙ ተንቀሳቀሰ፣ የጠመኔው መስመር ተበላሸ። «ውይ፣ ይቅርታ እትዬ» አለች ደንግጣ። «እግሬን ደክሞኝ ነው። ቀጥ እላለሁ።»

ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። ወንበር ጎትታ ጠረጴዛው አጠገብ አስጠጋች።

«ውረጂ ልጄ፣ ተቀመጪ» አለቻት። «ጨርቁ ይጠብቅሻል።»